የአቶ ዘለቀ ሙሉ ልብስ

ብዙ መናገር አልወድም። ይህን ነገር ግን እኔ ካልነገርኳችሁ ጎረቤቶቼ ይነግሯችኋል፤ እነሱ ደግሞ ሳጥን ከፍቶ የወጣ ሬሳ ጨምረውበታል። ሬሳ አልወጣም። የወጣው ልብሱ ነው።

ልጄ ይርጋ በአካውንቲንግ ተመርቋል፤ ተመስገን። ከተመረቀ ወዲህ ግን ሥራ ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ፊቱን ጥሎ ይመለሳል። ባለፈው ዓመት ተስፋ ሲቆርጥ ከጓደኞቹ ጋር ሳንጃ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ አጨደ። ይዞልን የመጣው ወባ ነው። ሲነሳበት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ አሁንም ጎረቤት ሽምብራ ሲቆላ ከሰማሁ ብድግ እላለሁ። ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ እግዚአብሔር መለሰልኝ። ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ፣ «ይህኛው ሥራ ካልሆነ ሳንጃ እወርዳለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ።

ይህኛው ሥራ ያለው እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ነው። የጽሑፉን ፈተና አልፏል። የቀረው ቃለ መጠይቁ ነበር።

«ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጥሉኝ በልብሴ ነው» አለኝ።

«ምነው፣ ልብስህ ምን ሆነ?»

«ሹራብ ለብሶ የሚቀጠር የለም እማዬ።»

ስልኩ ውስጥ ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ አለ። ይርጋ ጧት ማታ የሚሰማው እሱን ነው። ሰውዬው፣ ወንድ ልጅ አፉን ከመክፈቱ በፊት ልብሱ ይናገርለታል ይላል። ጫማ ይናገራል፣ ቀበቶ ይናገራል፣ የእጅ ሰዓት ይናገራል። ይህ ሁሉ ሲናገር ልጄ መቼ ተራ ሊደርሰው ነው ብዬ አስባለሁ።

«ዳዊት ለንግሥና ሲቀባ የተጠራው ከበጎች መካከል ነው» አልኩት። «ሱፍ ልበስ ያለው የለም።»

«ዮሴፍስ? ፈርዖን ፊት ሲቀርብ ተላጭቶ ልብሱን ለውጦ አይደለም?»

እሱስ ተጽፏል። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ሄጄ የሱፍ ዋጋ ጠየቅኩ። ሻጩ ዋጋውን ሲነግረኝ ልብሱን ቶሎ ለቀቅኩት፤ በጄ አቆሽሼ እንዳልከፍል ነው። ይህን የማኅበር እህቴ እትዬ አበራሽ ሰሙ። ባለቤታቸው አቶ ዘለቀ ያረፉት በሰኔ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በዚያው ይርጋ በሚፈተንበት መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በአለባበሳቸው ከተማው ያውቃቸዋል። በዝናብ ቀን እንኳ ጭቃው ራሱ መንገድ የሚለቅላቸው ይመስል ነበር።

«የሱን ሙሉ ልብስ ውሰጂ» አሉኝ እትዬ አበራሽ። «ለነፍሱ ይሁን። ልብሱ ደግሞ መንገዱን ያውቀዋል።»

ልብሱ መንገዱን ያውቀዋል ሲሉኝ ሸጋ ምርቃት መስሎኝ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ስለዚህ ልብስ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አቶ ዘለቀ አገራቸው ወገራ ነው። ከተማው አሁን አሁን ለቅሶ ላይ የሟችን ፎቶ ያቆማል። የወገራ ዘመዶቻቸው ግን፣ «ፎቶ ምን ያደርግልናል፤ ልብሱን አውጡልን» አሉ። ያ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ በእንጨት ላይ ተዘርግቶ፣ ባርኔጣው ከላይ፣ ከዘራው ከጎን ሆኖ በድንኳኑ መካከል ቆመ። ሰው ሁሉ እየዞረ አለቀሰለት። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛም አንድ ሳይቀር ፊቱ ቆሞ አልቅሷል። እኔም ደረቴን መትቼለታለሁ።

ይህን እያወቅሽ እንዴት ለሥራ ፈተና አለበስሽው ብትሉኝ፣ የታየኝ የጨርቁ ጥራት ነው። እንባ ደግሞ ሲደርቅ ምልክት አይተውም።

ለይርጋ አልደበቅኩትም። «የሞተ ሰው ልብስ ነው» አልኩት።

ገልብጦ የአንገትጌውን ጽሑፍ አየ። «ብራንድ ነው» አለኝ።

ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸት ስለነበር እንዲነፍስበት ቤታችን መካከል ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ድመታችን ወዲያውኑ ወጣች፤ አልገባም አለች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ባለቤቴ፣ የይርጋ አባት፣ ከደጅ ገባ። አባቱ የኮላ ድባ ሰው ነው፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ማንንም አያልፍም። ምሰሶው ጋ ቆመና ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አደሩ» አለ። ከዚያ መልስ ጠበቀ። ቆይቶ ወደኔ መጣ።

«እንግዳው አይመልሱም» አለኝ በሹክሹክታ።

«ኮት ነው።»

«ኮት መሆኑንማ አየሁ። ግን እኔ ጎንበስ ስል እሱም ጎንበስ አለ።»

«ነፋስ ነው» አልኩ። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ድመቷ በዝግ መስኮት በኩል ስትጮህ ሁለታችንም እንሰማለን።

አቶ ዘለቀ ደንዳና ሰው ነበሩ፤ ይርጋ ደግሞ ከወባው ወዲህ አጥንቱ ቀርቷል። ስለዚህ ልብሱን ላስጠብብ ይርጋን አስከትዬ ወደ አያ ወርቁ ወሰድኩት። አያ ወርቁ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ሱፉን ሲያዩ በከንፈራቸው ይዘውት የነበረውን መርፌ አወጡ።

«ይህን ማን አመጣው?»

«እትዬ አበራሽ ሰጡኝ አያ። ለልጄ ጠበብ አድርጉልኝ።»

«ልበሰው እስቲ» አሉት።

ለበሰው። ወገቡ ልክ ነው። እጅጌው ልክ ነው። ሱሪው ጫማው ላይ በልኩ አርፏል። አያ ወርቁ አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ከዚያ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«አልነካውም። ሥራ የለበትም።»

«አቶ ዘለቀ ግን ወፍራም ነበሩ እኮ» አልኩ።

«ነበሩ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ለድካማቸውም ምንም አልጠየቁኝም። ልብስ ሰፊ ምንም ሳይጠይቅ ሲሸኝ ደግ ምልክት አይደለም።

አንድ ቦታ ብቻ ልክ አልነበረም። አቶ ዘለቀ ዕድሜ ልካቸውን ቦርሳ ከመያዛቸው የተነሣ ቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ኮቱም ያንን ትከሻ ለምዷል። ይርጋ እንዲስተካከልለት ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ሳይታወቀው ዘንበል ብሎ ይራመድ ጀመር። የናፍታሊኑ ሽታም ጉሮሮውን ይከረክረዋል፤ ከመናገሩ በፊት «እህ፣ እህ» ይላል። አቶ ዘለቀም ሲራመዱ ዘንበል፣ ሲናገሩ እህ፣ እህ ነበሩ። ትከሻውና ናፍታሊኑ ነው፤ እኔ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ከኋላው ስሄድ ጀርባዬን ከመቀዝቀዝ አላዳነኝም።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ጎንደር በጉም ተውጣ ነጋች። ኪዳን አድርሼ ተመለስኩና ጠበል ረጨሁት። ኮቱ ላይ ያረፈው ውሃ አልሰረገም፤ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ቆመ።

«ጥሩ ሱፍ ውሃ አያስገባም» አለኝ ይርጋ።

እንዲያ ይሆናል። ቢሆንም አብሬው ሄድኩ።

በእንዲያ ያለ ጉም ሰው የሚታየው አጠገብ ሲደርስ ነው። አንዲት ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ ሴት ድንገት ፊታችን ተገኘች። ይርጋን አየች፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ ግድግዳ ተጠግታ አሳለፈችን። አንድ ባጃጅ ቆመልንና ነጂው «ጋሼ፣ ይግቡ» አለ። የልጄን ፊት ሲያይ ባዶውን ሄደ። ወደ ታች ስንወርድ ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል የአቶ ዘለቀ ውሻ ነው። ጌታው ከቀሩበት ቀን ወዲህ ከደጃፉ አልነሣም ያለ ሽማግሌ ውሻ፣ አፍንጫውን ሱሪው ጠርዝ ላይ አድርጎ ይከተላል። አይጮህም። ይርጋ ሲቆም ይቆማል፣ ይርጋ ሲሄድ ይሄዳል።

«ሂድ ከዚህ» አለው ልጄ። «እህ፣ እህ» ብሎ ነበር መጀመሪያ። ውሻው ጅራቱን ቆላ።

የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ አያ ሞላ ናቸው። ከጉሙ ውስጥ ስንወጣ ከበርጩማቸው ተነሡ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ ለመኪና ብቻ የሚከፈተውን ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። «እንደምን አደሩ ጌታዬ» አሉ። ይርጋ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ገባ። አያ ሞላ ያኔ ቀና አሉ።

«በስመ አብ! እታለም፣ ይህ ማን ነው?»

«ልጄ ነው አያ።»

«ፊቱ የልጅሽ ነው» አሉ። «የቀረውን ግን እኔ ራሴ ተሸክሜ ቀብሬዋለሁ።» ከዚያ ክንዴን ያዙ። «አንቺም ግቢ። ይህን ነገር ለብቻው አላስገባም፤ ነገ እኔ እጠየቃለሁ።»

ገባሁ። ሕንፃው ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው፤ ኮሪደሩ ረጅምና ቀዝቃዛ፣ መብራትም ጠፍቷል። ተፈታኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ያን የስልክ ሰውዬ የሚሰሙ መሰለኝ፤ የሁሉም ቀበቶና ጫማ አንድ ቀለም ነው። የአንደኛው ኮት እጅጌ ጣቱን ውጦታል፤ እሱም የተዋሰ ይሆናል፣ ግን በሕይወት ካለ ሰው። የጽዳት ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን ትወለውላለች። የሚያልፈውን የሱሪ ጫፍ ብቻ አይታ፣ «ጌታዬ፣ ክፍልዎን አልወለወልኩም፤ እንደተቆለፈ ነው» አለች። ከዚያ እጇ ቆመ። ቀና ሳትል ባልዲዋን ጥላ በደረቷ አማተበች። ጸሐፊዋም ከአንዱ በር ወጥታ በልማድ የፊርማ ብዕር ዘረጋችለት። ያን ብዕር መልሳ ለመቀበል አልደፈረችም።

ስሙ ሳይጠራ አስገቡት። በሩን የሚዘጋ ግን ጠፋ። አንዱ ለአንዱ «ዝጋው» ይላል፣ የሚነሣ የለም። ከዚያ ልብስ ጋር ተዘግቶ መቀመጥን ማንም አልፈለገም። ስለዚህ እኔ ከኮሪደሩ ሆኜ ሁሉን አየሁ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋና አንድ መነጽር ያደረጉ ሰው። ሲገባ ሦስቱም ተነሡ።

«ይቀመጡ» አሉት ሥራ አስኪያጁ። አባቱ ይሆናሉ በዕድሜ።

«እህ፣ እህ» አለ ይርጋ።

ባለ መነጽሩ እስክሪብቷቸውን ጣሉ። ተንከባሎ ልጄ እግር ሥር ገባ፤ እዚያው ቀረ።

የስልኩ ሰውዬ፣ ትልቅ ሰው ፊት ስትቀርብ አትቸኩል፣ ራስህን በዝግታ ነቅንቅ ብሎት ኖሯል። ይርጋ በዝግታ ነቀነቀ።

«ቦታዎን ደርቤ የያዝኩት እኔ ፈልጌው አይደለም» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ተመድቤ ነው።»

ነቀነቀ።

«የዓመቱ ሒሳብ ትንሽ ዘግይቷል፤ አይካድም። እስከ ወሩ መጨረሻ እንዘጋዋለን።»

ይርጋ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ።

«እስከ ዓርብ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ እነሱ በየተራ መልስ ይሰጣሉ። ኃላፊዋ ሻይ ክበብ ስለማዘውተሯ ይቅርታ ጠየቀች። ባለ መነጽሩ ማርፈዳቸውን አልካዱም። ሦስቱም የሚያዩት የኮቱን ቁልፎች ነው፤ ፊቱን ያየ የለም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉና «እንግዲህ መቼ ይጀምራሉ?» አሉ።

ሥራው ተገኘ። ሳንጃ ቀረ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት፣

«ታዲያ፣ አቶ ዘለቀ...» አሉ።

«አቤት» አለ ልጄ።

በእኛ ዘንድ ጠሪው ሳይታወቅ አቤት አይባልም፣ ያለ ሰው ይወሰዳል፤ ለልጆቼ አፍ ሲፈቱ ያስተማርኩት ነው። አሁን የሞተ ሰው ስም ተጠራ፤ ከወባ አፍ የነጠቅኩት ልጄ አቤት አለ። ድምፁም ቀስ ያለ፣ ወፈር ያለ ነው። ሥራው ግን እጃችን ገብቷል። ዝም ብል ሰኞ ይጀምራል። ዝም አላልኩም።

ገብቼ በኮሌታው ያዝኩት። «አውልቅ።»

«እማዬ!»

«አውልቅ አልኩህ።»

«እየተቀጠርኩ እኮ ነው!»

«የሚቀጠረው አንተ አይደለህም።»

ኮቱ እንቢ አለ። እጅጌው ይዞ አልለቅም አለ። በስመ ሥላሴ ብዬ ስጎትተው ወጣ፤ እኔም ወደኋላ ልወድቅ ነበር። ክንዴ ላይ ከበደኝ። ይሞቃልም። ሙቀቱ የልጄ ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

ከሥሩ የወጣው ሸሚዝ ፊቱ ነጭ ነው። ጀርባውን ግን ጧት ስተኩስ መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጥዬዋለሁ፤ ኮት ይሸፍነዋል ብዬ ነበር። የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ መሐል ጀርባው ላይ ተቀምጧል። ሱሪውን አልነካሁትም፤ ሴት ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ኃላፊዋ ናት። ቀጥሎ ባለ መነጽሩ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ጀርባ ተደግፈው እንደ ሰው ተነፈሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት።

«አንተ ማን ነህ?»

«ይርጋ» አለ። ድምፁ ቀጠነ፣ ተንቀጠቀጠም። የገዛ ድምፁ ነው። ተመስገን አልኩ።

ኮቱን እጄ ላይ ይዤ የት ላድርገው ስል፣ ኃላፊዋ በሁለት ጣቷ ተቀብላ በኮሪደሩ ወደ አቶ ዘለቀ ክፍል ወሰደችው። ቁልፉ ሲከፈት ሰማን። ወንበሩ ላይ ሰቅላው መልሳ ቆልፋ መጣች፤ አመጣጧ ሩጫ ነበር።

ከዚያ ጠየቁት። አንዱን መለሰ፣ አንዱን ተሳሳተ፣ አንዱን «አላውቅም» አለ። ሳንጃ ከፊቴ ድቅን አለች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

«አንድ ጥያቄ ቀርቷል። የአቶ ዘለቀ የሒሳብ ክፍል ከሰኔ ወዲህ ሰው አልሠራበትም። ሠራተኛው ሁሉ ፈርቶ ጠረጴዛውን ደጄ ላይ ደርድሯል። አንተ ትገባበታለህ?»

ከኮሪደሩ አግዳሚው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ከተፈታኞቹ አንዱ ተነሥቶ ሄደ።

«ሳንጃ ሰሊጥ አጭጃለሁ» አለ ይርጋ። «እዚያ ሜዳ ላይ ወባ ጥሎኝ ነበር። ክፍሉ ወባ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው እገባለሁ።»

«ሰኞ ና» አሉት። ኮቱን ግን ያነሣ የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስንወጣ ጉሙ መግፈፍ ጀምሯል። ይርጋ በሸሚዙ ይንቀጠቀጣል፤ ነጠላዬን ደረብኩለት።

«አየሽ እማዬ? ልብስ ነው ያስቀጠረኝ።»

«የተቀጠርከው ስታወልቀው ነው።»

«ለማውለቅም መጀመሪያ መልበስ ያስፈልጋል።»

እንደገና እንደ ልጅ ሲከራከረኝ ደስ አለኝ።

በሩ ላይ አያ ሞላ ይርጋን ከራስ ጠጉሩ እስከ ወገቡ አዩት። ከወገቡ በታች አላዩም።

«ልጅሽን መለስሽው?»

«ተመስገን አያ። ሥራም ሰጡት።»

«ያኛውስ? አይወጡም?»

እኔ ቀልድ አላውቅበትም። ያን ቀን ግን ደስታው አፌን ከፈተው። «እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው» አልኩ።

አያ ሞላ አልሳቁም። ቀስ ብለው ወደ አቶ ዘለቀ ክፍል መስኮት ቀና አሉ፤ ውሻው ደጁ ላይ ተጋድሞ እዚያው ያያል።

ሱሪውን አጥቤና ተኩሼ ለእትዬ አበራሽ መለስኩ፤ ይህን እንኳ አላቃጠልኩም።

«ኮቱስ?» አሉኝ።

«ቢሮ ነው» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተዪው» አሉኝ። «እሱም ቢሆን ከቤት ይልቅ እዚያ ነበር ደስ የሚለው።»

ይርጋ አሁን በዚያ ክፍል ይሠራል። ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው፤ እሱ የሚቀመጠው በሌላ ወንበር ነው። የዓመቱ ሒሳብ ዓርብ ተዘጋ ይላል፤ የሚያረፍድም ጠፍቷል። ማታ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ አያ ሞላ በሩን ወዲያው አይዘጉትም። ትንሽ ገርበብ አድርገው፣ ቆባቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ማንን እንደሚጠብቁ ልጄ አልጠየቃቸውም።

እኔም አልጠየቅኩም። እኔ የምጠብቀው አንዱን ነው። እሱም ማታ ማታ ይመጣል።